ሞኖሶዲየም ግሉታሜት፦ የመረቅ ጣዕም የሚሰጠውን ጨው በልክና በቦታው መጠቀም

በወጥ ቅመም ኩብ፣ ከፈጣን ኑድል ጋር በምትመጣው ትንሽ የቅመም እሽግ፣ በድንች ቺፕስ ላይ በሚነሰነሰው ዱቄትና በታሸገ ሾርባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ አንድ ነጭ ጨው አለ። ስሙ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ነው፤ በአጭሩ ኤምኤስጂ ይባላል፣ በእሽግ ምግብ ላይም ኢ621 በሚል ምልክት ይጻፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከእስያ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ለብቻው ታሽጎ ሊገዙት ይችላሉ፤ በአገር ቤት ግን አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ከኩቡ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ፣ ምን ያህል እንደ ጨመረ ሳያውቅ ይጠቀምበታል። ሥጋ የሌለበትን ወጥ የመረቅ ለዛ ለማላበስና የገበታ ጨውን ለመቀነስ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በወጥ ቤት ውስጥ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ይህ ጥቅሙ የሚገኘው ተመዝኖ፣ በተገቢው ጊዜና በተገቢው ምግብ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ከየት መጣ?

የዚህ ጨው መሠረት የሆነውን ግሉታሚክ አሲድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ሃይንሪሽ ሪትሃውዘን ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1866 እ.ኤ.አ. የስንዴን ግሉተን በሰልፈሪክ አሲድ ቀቅሎ በማፈራረስ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አሲድ ከምግብ ጣዕም ጋር ያለውን ግንኙነት ያረጋገጠው ግን የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ኪኩናኤ ኢኬዳ ነው። ኢኬዳ ጃፓናውያን ኮምቡ ከተባለው የባሕር አረም የሚያዘጋጁት መረቅ ጣፋጭም ጨዋማም ኮምጣጣም መራራም ያልሆነ የራሱ ጣዕም እንዳለው ያምን ስለነበር፣ በ1908 ከ12 ኪሎ ግራም ኮምቡ 30 ግራም ያህል ግሉታሚክ አሲድ አውጥቶ የጣዕሙ ምንጭ እርሱ መሆኑን አሳየ፤ ጣዕሙንም ኡማሚ ብሎ ሰየመው። በቀጣዩ ዓመት ሳቡሮሱኬ ሱዙኪ የተባለው ነጋዴ ከእርሱ ጋር ተባብሮ አጂኖሞቶ በሚል የንግድ ስም ለገበያ አቀረበው።

ኢኬዳ ለገበያ የመረጠው ግሉታሚክ አሲድን ራሱን ሳይሆን የሶዲየም ጨዉን ነው፤ ምክንያቱም አሲዱ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጥቂቱ ብቻ ሲሆን ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። የሶዲየም ጨዉ ግን በክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ይሟሟል፣ ሲከማችም በቀላሉ እርጥበት ስቦ አይጋገርም።

ፋብሪካዎች በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት የስንዴ ግሉተንን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየቀቀሉ ነበር የሚያመርቱት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን ሹኩኦ ኪኖሺታና ባልደረቦቹ ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚኩም የተባለ፣ ስኳር ተመግቦ ግሉታሚክ አሲድን ወደ ውጭ የሚያወጣ ባክቴሪያ ካገኙ ወዲህ ምርቱ ወደ ማብላላት ተዛወረ። ዛሬ የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ ወይም ከበቆሎና ከካሳቫ ስታርች የተገኘ ስኳር በትላልቅ ጋኖች ውስጥ ለባክቴሪያው ይቀርባል፤ የሚወጣው አሲድ ተጣርቶ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሶዲየም ካርቦኔት ገለልተኛ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ ክሪስታል ሆኖ እንዲረጋ ይደረጋል።

ለምግብ አብሳይ የሚጠቅመው ኬሚስትሪ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በታሰረና በነጻ ግሉታሜት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ግሉታሚክ አሲድ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ሃያ አሚኖ አሲዶች አንዱ ስለሆነ በሥጋም፣ በወተትም፣ በአተርና በሽምብራም ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን በፕሮቲን ሰንሰለት ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ምላሳችን አይቀምሰውም። የኡማሚ ጣዕም የሚሰጠው ከሰንሰለቱ የተላቀቀው ብቻ ነው። ሽሮ በፕሮቲን የበለጸገ ሆኖ ሳለ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ በውሃ ብቻ ቢሠራ ለዛ የማይኖረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ የፓርሜዛን አይብ ፕሮቲኑ በኢንዛይሞች ስለ ተፈታ በ100 ግራም ውስጥ ከ1 ግራም በላይ ነጻ ግሉታሜት አለው፤ የበሰለ ቲማቲምም በተመሳሳይ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.25 ግራም ይይዛል። በቲማቲም ውስጥ ደግሞ ብዙው የሚገኘው ፍሬውን በከበበው ለስላሳ ክፍል ስለሆነ፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ፍሬውን አውጥቶ ባይጥል መልካም ነው።

ሁለተኛው ነገር አሲድነት ነው። የግሉታሜት ሞለኪዩል ጣዕሙን በሚገባ የሚሰጠው አንድ ሶዲየም በሚይዝበት ቅርጹ ሲሆን፣ ይህ ቅርጽ የሚጸናው የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ6 እስከ 8 በሆነበት፣ ማለትም ለገለልተኛ በቀረበ ምግብ ውስጥ ነው። ፒኤች ወደ 4.2 ገደማ ሲወርድ ከሞለኪዩሎቹ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጂን ተቀብለው ወደ ግሉታሚክ አሲድነት ይመለሳሉ፣ ጣዕሙም ይደክማል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በበዛበት ሰላጣ ላይ ይህን ጨው መነስነስ እምብዛም የማያተርፈው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሶዲየም መጠን ነው። የገበታ ጨው ከክብደቱ 39 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ሲሆን ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ግን 12 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። ከዚህ በታች የማቀርበው አመዛዘን በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ጣዕሙን አስቀድሞ መለየት

ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት ጣዕሙን ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ያለዚያ ምግቡ የጎደለው ጨው ይሁን ኡማሚ መለየት አይቻልም። ሦስት ብርጭቆዎች ይዘጋጁና በእያንዳንዳቸው 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይደረግባቸው። በመጀመሪያው 1 ግራም የገበታ ጨው፣ በሁለተኛው 1 ግራም ሞኖሶዲየም ግሉታሜት፣ በሦስተኛው 1 ግራም ጨውና ግማሽ ግራም ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ይሟሟ። በየቅምሻው መካከል አፍን በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል።

የሁለተኛው ብርጭቆ ጣዕም ብዙ ሰዎችን ያሳዝናቸዋል፤ ደብዘዝ ያለ፣ ምራቅ የሚያመጣ፣ ከተዋጠ በኋላም በምላስ ላይ የሚቆይ ነገር እንጂ የሚጣፍጥ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ግን የአጥንት መረቅን ያስታውሳል፤ ጨዋማነቱም ከመጀመሪያው ጎላ ብሎ ይሰማል። ሰው በውሃ ውስጥ ያለን ሞኖሶዲየም ግሉታሜት በ0.03 በመቶ አካባቢ መለየት ስለሚችል ትንሽ መጠን ይበቃል። ይህን ሙከራ የሠራ ሰው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ከምግቡ ጋር መተባበር እንጂ ምግቡን መተካት እንደማይችል በራሱ ምላስ ያረጋግጣል።

መመዘን

የሚመከረው መጠን ከተዘጋጀው ምግብ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.8 በመቶ ነው። ለአንድ ኪሎ ግራም የተሠራ ወጥ ይህ ከ1 እስከ 8 ግራም ማለት ሲሆን፣ ለአገራችን ወጦች ከ2 እስከ 4 ግራም በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ 4 ግራም ገደማ ቢይዝም የክሪስታሉ ትልቅነት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያለው ሰው ማንኪያውን ባያምን ይሻላል። ከልክ ያለፈ መጠን እንደ ስኳር እየጨመረ የሚጣፍጥ አይደለም፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አፍን የሚሞላና የሚሰለች ጣዕም ይይዛል፤ የበርበሬውና የኮረሪማው ለዛም ይሸፈናል።

የገበታ ጨውን የመቀነሱን ሥራ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን የምስር ወጥ ብዙውን ጊዜ በ10 ግራም ጨው ይሠራ ከነበረ፣ በውስጡ 3.9 ግራም ያህል ሶዲየም አለ። ጨዉ ወደ 7 ግራም ቢወርድና 3 ግራም ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ቢጨመር፣ ጠቅላላው ሶዲየም 3.1 ግራም ይሆናል፤ ይህም ከአምስት እጅ አንዱን መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም መሆኑን ለሚያስታውስ፣ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው በቤቱ ላለ ቤተሰብ፣ ይህ ቀላል ቅነሳ አይደለም። ሆኖም ቅነሳው እውን የሚሆነው የገበታ ጨዉ በእርግጥ ሲቀነስ ነው። የተለመደውን ጨው እንዳለ ጨምሮ በላዩ ላይ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚጨምር ሰው ሶዲየሙን አበዛ እንጂ አልቀነሰም፤ በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ዓይነቱ አጠቃቀም ነው።

ወደ ድስቱ የሚገባበት ጊዜ

ሞኖሶዲየም ግሉታሜት በዘይት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ቁሌቱ በሚቁላላበት ጊዜ ቢጨመር ክሪስታሉ በድስቱ ጠርዝ ላይ ይቀራል፤ ውሃ የሌለው ድስት እጅግ ሲግልም የመበላሸት ዕድል አለው። ትክክለኛው ጊዜ ውሃ ገብቶ ወጡ ከተንተከተከና ሊወርድ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ኮምጣጣ በሆነ ምግብ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲፈላ ከግሉታሜቱ ከፊሉ ጣዕሙ ደካማ ወደሆነ ፓይሮግሉታሚክ አሲድ ወደተባለ ነገር ስለሚለወጥ፣ ቲማቲም በበዛበት ሥጎ መጨረሻ ላይ መጨመሩ የበለጠ ያስፈልጋል። በጥብስ ላይ መጠቀም ከተፈለገ በጥቂት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አሟሙቶ ሥጋው ወይም አትክልቱ ሊወጣ ሲል ማርከፍከፍ ይቻላል።

የአንድን ወጥ ጣዕም በማንኪያ ብቻ ቀምሶ መወሰንም አይበቃም። እንጀራ በደንብ የበሰለ እርሾ ያለበት ኮምጣጣ ምግብ ስለሆነ፣ በአፍ ውስጥ ከወጡ ጋር ሲገናኝ ኮምጣጣነቱ የኡማሚውን ጣዕም ያለዝበዋል። በማንኪያ ሲቀመስ ትክክል የመሰለው መጠን በእንጀራ ሲበላ ሊያንስ፣ በአንጻሩ በሩዝ ወይም በዳቦ ለሚበላ ምግብ የተመደበው ልክ ለእንጀራ ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ወጡ የሚበላበትን እንጀራ ቆርሶ አጥቅሶ መቅመስ፣ ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ ግማሽ ግራም ያህል እየጨመሩ መሄድ ይመረጣል።

የት ይጠቅማል፣ የት አይጠቅምም

ይህ ጨው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በጾም ምግብ ውስጥ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን በድንች፣ ቅቤና መረቅ ስለሌላቸው የጎደላቸው ነገር በአብዛኛው ይኸው የኡማሚ ጣዕም ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ጉድለት ለመሙላት ዘይትና ጨው ያበዛል። ለአንድ ኪሎ ግራም ሽሮ ወጥ 3 ግራም፣ በርበሬ ለሌለው ክክ አልጫ ደግሞ 2 ግራም ብቻ እመክራለሁ፤ አልጫ የሚሸፍነው ብርቱ ቅመም ስለሌለው ጥቂት ቢበዛ ወዲያው ይታወቃልና። ጎመን ለስላሳ ምሬት ስላለው ትንሽ ግሉታሜት ምሬቱን ያለሰልሰዋል፤ ይህም ጎመን የማይወዱ ልጆች ላሉበት ቤት ይጠቅማል።

ከዚህ የበለጠ ውጤት የሚገኘው ግሉታሜት ከሌሎች ሁለት የጣዕም ምንጮች ጋር ሲገናኝ ነው። በ1913 ሺንታሮ ኮዳማ የተባለው የኢኬዳ ደቀ መዝሙር በደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ውስጥ ኢኖሲኔትን አገኘ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም አኪራ ኩኒናካ የጓኒሌትን ጣዕም ለየና እነዚህ ከግሉታሜት ጋር ሲደባለቁ የሚሰጡት ጣዕም የየብቻቸው ድምር ከሚሆነው እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። እኩል ለእኩል ሲደባለቁ ጣዕሙ እስከ ስምንት እጥፍ ያህል ሊጠነክር ይችላል። ምክንያቱም በምላስ ላይ ያለው የኡማሚ ተቀባይ ግሉታሜትን ሲይዝ፣ እነዚህ ሞለኪዩሎች በአጠገቡ ገብተው ሳይለቀው ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ያደርጉታል።

ኢኖሲኔት በሥጋና በዓሣ፣ ጓኒሌት ደግሞ በደረቀ እንጉዳይ፣ በተለይም ሺታኬ በተባለው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ለጾም ሽሮ የሚሆን ብልህ ዘዴ ይህ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ግራም ወጥ ከ5 እስከ 10 ግራም የደረቀ ሺታኬ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በማቀዝቀዣ ያድር፤ ከዚያ ከነውሃው ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ይደረግ፣ ምክንያቱም ጓኒሌት የሚፈጠረው በእንጉዳዩ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሠራ ነውና፤ ውሃው ተጣርቶ ሽሮው በእርሱ ይበጥበጥ። በዚህ መንገድ የሞኖሶዲየም ግሉታሜቱ መጠን በአንድ ኪሎ ከ3 ግራም ወደ 1 ግራም ወይም ወደ 1 ግራም ተኩል ሊወርድ ይችላል። እንጉዳዩም ተከትፎ በቁሌቱ ውስጥ ይገባል።

በሥጋ ወጥና በዓሣ ውስጥ ኢኖሲኔቱ አስቀድሞ ስላለ 1 ግራም በኪሎ ይበቃል። ዶሮ ወጥን ግን በዚህ ጨው የሚነካ ሰው አልደግፍም። ለሰዓታት የተቁላላ ሽንኩርት፣ ዶሮው ራሱና ንጥር ቅቤው የሰጡት ጣዕም ሙሉ ነው፤ የሚጨመረው ነገር ያንን ልፋት አንድ ዓይነት ያደርገዋል እንጂ አያሻሽለውም። ለክትፎም እንዲሁ። ጣፋጭ ምግብ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ከዚህ ጨው ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም።

ስለ ኩቡ

ኩብ የሚጠቀም ሰው የተቀላቀለ ነገር እንደሚጠቀም ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው የገበታ ጨው ነው፤ ቀሪው ስታርች፣ የረጋ ዘይት፣ ቅመም፣ ኢ621፣ እንዲሁም አንዳንድ ጊዜ ኢ627 የተባለው ጓኒሌት፣ ኢ631 የተባለው ኢኖሲኔት ወይም የሁለቱ ድብልቅ የሆነው ኢ635 ነው። ስለዚህ አንድ 10 ግራም የሚመዝን ኩብ የገባበት ወጥ ከ5 ግራም ያላነሰ ጨው አስቀድሞ ተቀብሏል፤ በላዩ ላይ የሚጨመረው ጨው በዚህ ልክ መቀነስ አለበት። ቀምሶ ማረም የሚቻለው ኩቡ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በኩብ የተሠራ ሾርባ መስጠት ከጨዉ ብዛት የተነሣ አይገባም።

ስለ ደኅንነቱ

በ1968 ዶክተር ሮበርት ሆ ማን ክዎክ በአሜሪካ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመው ደብዳቤ፣ በቻይና ምግብ ቤቶች ከበላ በኋላ የሚሰማውን የአንገት መደንዘዝና የልብ ትርታ ገልጾ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሲጠይቅ ከጠቀሳቸው ግምቶች አንዱ ይህ ጨው ነበር። ጥርጣሬው ከዚያ ወዲህ ለዐሥርተ ዓመታት ተስፋፋ፤ በቻይናውያን ምግብ ቤቶች ላይም ያለ አግባብ ስም ለጠፈባቸው። በ1987 የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ መረጃውን መርምሮ በቁጥር የሚገለጽ የዕለት ገደብ ማውጣት እንደማያስፈልግ ወሰነ። በ1995 ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የቀረበው ጥናት ደግሞ 3 ግራምና ከዚያ በላይ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ምግብ ሳይበሉ የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ራስ ምታት ወይም መደንዘዝን የመሰለ ቀላልና ቶሎ የሚያልፍ ስሜት ሊሰማቸው እንደሚችል ገለጸ።

ይበልጥ ጥንቃቄ የመረጠው በ2017 የወጣው የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ውሳኔ ነው፤ ከተጨማሪ ቅመም የሚገኘው ግሉታሚክ አሲድ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ግራም በቀን ከ30 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 2.3 ግራም ያህል ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ነው። 3 ግራም የገባበትን አንድ ኪሎ ሽሮ አምስት ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 0.6 ግራም ይደርሰዋል፤ በዚያው ቀን ኑድልና ቺፕስ የበላ ሰው ግን ሌላ ድምር ስላለው ጠንቀቅ ማለት ይጠበቅበታል። ከምግብ የሚገባው ግሉታሜት አብዛኛው በአንጀት ሕዋሳት ለኃይል የሚቃጠል መሆኑና በእናት ጡት ወተት ውስጥም ከነጻ አሚኖ አሲዶች ሁሉ ብዙው እርሱ መሆኑ ለመደናገጥ ምክንያት እንደሌለ ያሳያል። ያም ሆኖ ከበላው በኋላ በተደጋጋሚ የሚታመም ሰው ካለ ምግቡን ሊተው ይገባዋል፤ የሰውን ሕመም በጥናት ጠቅሶ ማስተባበል ተገቢ አይደለም።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

የሚጾም ሰው ሊያውቀው የሚገባው፣ ንጹሑ ኢ621 ከሸንኮራ አገዳ ወይም ከስታርች የሚመረት ስለሆነ ሥጋም ወተትም እንደሌለበት ነው፤ ኢ631 ግን በማብላላት ብቻ ሳይሆን ከሥጋ ወይም ከዓሣም ሊመረት ስለሚችል፣ ኩቡ ላይ ለጾም የሚሆን መሆኑ ካልተገለጸ ንጹሑን ጨው ለብቻው መግዛት ይቀላል። ለሙስሊም ወገኖችም ጉዳዩ አለ፦ በ2001 መጀመሪያ በኢንዶኔዥያ ለባክቴሪያው መመገቢያ ዝግጅት ከአሳማ የተገኘ ኢንዛይም ጥቅም ላይ ውሎ በመገኘቱ ምርቱ ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ ስለዚህ የሐላል ማረጋገጫ ምልክት ያለበትን መምረጥ ተገቢ ነው።

ስም በሌለው ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን አይግዙ፤ ነጭ ክሪስታል ሁሉ ስለሚመሳሰል ምን እንደ ተደባለቀበት ማወቅ አይቻልም። ቤት ሲደርስ ደረቅ በሆነና ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥ፤ በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። በላዩ ላይ ስሙና ለአንድ ኪሎ ወጥ የሚበቃው መጠን በጉልህ ይጻፍበት፤ ከስኳሩና ከጨው ማስቀመጫው ራቅ ብሎም ይቀመጥ።